ጣቱ የተንተባተበ ቀን

የባለቤቴ ጣት ሲንተባተብ የሰማሁት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው።

አንደበቱ አላልኩም፤ ጣቱ። ከአትላንታ ወጣ ብሎ፣ ሊቶኒያ የምትባል ከተማ አጠገብ ካለው የድንጋይ ኮረብታ ላይ አንድ ጥድ ሥር ተጠግተን ተቀምጠናል። ከአንዲት የጆሮ ማዳመጫ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ሰክተናል። ጭኑ ላይ ባሰራት ትንሽ መምቻ በሞርስ ሰላምታ ይልካል፤ አጭር ድምፅ፣ ረጅም ድምፅ፣ ዲት፣ ዳ። እኔ ከሞርስ ፊደል አንዱንም አልለይም። እጁን ግን አውቀዋለሁ። ባሏ ደረጃ ሲወጣ በእርምጃው የማታውቀው ሚስት የለችም፤ የይርጋም አመታት ለኔ እንደ እርምጃው ነው። ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ዘለል የሚል።

ያን ቀን እርምጃው ተደናቀፈ። መጠሪያውን ጀመረና መሐል ላይ ተወው። እንደገና ጀመረ። አንዷን ዲት አራት አምስት ጊዜ ደጋገማት። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«ጣትህ ቀዘቀዘ መሰለኝ» አልኩት።

ዘወር ብዬ ፊቱን አየሁት። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የያዝነው የመጠጥ ውሃ በላስቲኩ ውስጥ እየረጋ ባለበት ብርድ ይርጋ አልቦታል።

ከመቀጠሌ በፊት ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዘነበች እባላለሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዲቪ ደርሶን አትላንታ ከገባን ዐሥራ አንድ ዓመታችን ነበር፤ ዱሉዝ በሚባል ቦታ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ፈሪ ነኝ። መኪና መንዳት እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ እፈራለሁ። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ከደወለ ስልኩን እንደ ፍም ለልጄ ለሜሮን ነበር የማቀብለው። ሜሮን ተመርቃ ሥራ ይዛ ለብቻዋ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ጮኾ ጮኾ እስኪያቆም ጥዬው ሌላ ክፍል እገባለሁ።

ይርጋ ሌላ ነው። አገር ቤት ወታደር ሳለ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። እዚህ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቤት ሲገባ ጋራዥ ውስጥ ከሬዲዮዎቹ ጋር ይቀመጣል። ተፈትኖ ፈቃድ አውጥቷል። መንግሥት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለ የራሱን መጠሪያ ሰጥቶታል፤ ሲጀምርም ሲጨርስም እሱን ይመታል። ወጥ ስሠራ ያን መጠሪያ በግድግዳው በኩል መስማት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስኳር ሲገኝበት ሐኪሙ «በእግርህ ሂድ፣ አየር አግኝ» ስላለው ሬዲዮ ይዞ መውጣት አመጣ።

ይዟት የሚወጣው ሬዲዮ የሳሙና ሳጥን ታክላለች። «አምስት ዋት ናት። የፍሪጅ አምፖል እንኳ ይበልጣታል» ይለኛል፣ ልክ አንድ ጎበዝ ልጅ እንዳለችው። ብርዱን ይመርጠዋል፤ ነጎድጓድ ስለሌለ ጆሮ ላይ የሚንጫጫው ድምፅ ይቀንሳል ባይ ነው። ችግሩ ባትሪዋ ነው፤ ሲበርደው ይደክማል። ስለዚህ ባትሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሹራቤ ሥር፣ ሆዴ ላይ፣ በመቀነት አስረዋለሁ። ሽቦው በጃኬቴ ሥር ወጥቶ ወደ ሬዲዮዋ ይሄዳል። «አንቺ እኮ ምድጃ ነሽ» ይለኛል። ከሬዲዮዋ ከአንድ ክንድ ተኩል በላይ መራቅ አልችልም።

ያን ሳምንት በረዶ ወርዶ ከተማው ተዘግቷል፤ ሁለታችንም ከሥራ ቀርተናል። ዋናው መንገድ ሲጠረግ ይርጋ ቤት መቀመጥ አቃተው። ሜሮን ደወለች።

«ማሚ፣ ብቻውን እንዳይሄድ፣ ላይክ፣ ሲሪየስሊ።»

«አባትሽ መቼ ሰምቶ ያውቃል?»

«እንግዲያው አብረሽው ሂጂ። ቁርስ ይብላ። ኪኒኑን በባዶ ሆድ እንዳይወስድ፣ ኦኬ?»

ቀኑ የጥምቀት ዋዜማ፣ ገሃድ ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ይርጋን ግን በስኳሩ ምክንያት ንስሐ አባታችን «አንተ ብላ፣ ኃጢአቱ በእኔ» ብለው ፈቅደውለታል። ጠዋት ወደ ኩሽና ስገባ ሳህንና ሹካ ታጥቦ ተቀምጧል።

«በላህ?» አልኩት።

«ሳህኑ ታጥቦ የለ?» አለኝ ጫማውን እያሰረ። አመንኩት።

መኪና ውስጥ ለከፍኩት። «ይሄ ሁሉ ብርድ ለሰላምታ ነው?»

«ለሰላምታ ነው።»

«ስልክ የለህም?»

«በስልክማ ማንም ይደውላል።»

ኮረብታው ሥር ፓርክ አደረገ። ከእኛ ሌላ አንድም መኪና የለም። ስልኩን እዚያው ቻርጅ ላይ ተወው፤ ከሬዲዮዋ ጋር ሲሆን ማንም እንዲጠራው አይፈልግም። ጥላው ያለበት ድንጋይ በረዶ ስለያዘ እጄን ይዞ ቀስ እያልን ወጣን፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። የአንቴናውን ሽቦ ጥዱ ላይ ወረወረ፣ ጋቢ አነጠፈልኝ፣ ሬዲዮዋን ከፈተ።

ብዙም ሳይቆይ ሬይ መለሰለት። ሬይ ቴነሲ የሚኖር፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። አምስት ዓመት በሞርስ ሲያወጉ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ይርጋ እየመታ እየመታ ለኔ ይተረጉምልኛል። «የት እንዳለን ነገርኩት… ብርዱን ጠየቀኝ… ሚስቴ ባትሪዬን ታቅፋ እንደተቀመጠች ነገርኩት። ይስቃል።»

ይኼን ባለኝ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው ጣቱ የተንተባተበው፤ ላቡንም ያየሁት።

«ይርጋ፣ ጠዋት ምን በላህ?»

ዓይኑን ከመምቻው አላነሣም። «ገሃድ ነው።»

«ምን በላህ ነው ያልኩህ።»

«ገሃድ ነው አልኩሽ እኮ።» ምላሱ ከብዶታል።

«ኪኒኑንስ?»

«እሱንማ ውጫለሁ። ታዝዤ የለ።»

ነገሩ ገባኝ። ኪኒኑ ስኳሩን ያወርዳል፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የሚያነሣው እህል የለም። ለዘጠኝ ሰዓት ብዬ የያዝኩትን ስኳር የበዛበት ሻይ ከፔርሙዙ ቀዳሁና ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«ጠጣ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠጣ ነው የምልህ።»

«ዘጠኝ ሳይሞላ? ቅዳሴ ሳይወጣ?»

«የምን ቅዳሴ፣ ጫካ ውስጥ ነን እኮ። አባ ፈቅደውልሃል፣ ይርጋዬ፣ አንዴ ፉት በልልኝ።»

እጄን መታው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ያኔም እሱ አልነበረም፣ የወረደው ስኳር ነው። ኩባያው ከነፔርሙዙ ተገለበጠ። ሻዩ በድንጋዩ ላይ ፈሰሰ፣ እንፋሎቱ ተነሣ፣ እያየሁት በረደ። ይርጋ ሻዩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ይቅርታ ሊለኝ አፉን የከፈተ መሰለኝ፤ ከዚያ እንደ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ፔርሙዙ ውስጥ ሁለት ጉንጭ የምትሆን ቀርታለች። እንዳያንቀው ብዬ መቅዳቱን ፈራሁ። የነጠላዬን ጫፍ ነከርኩና ድዱን አሸሁለት። እንደገና ነከርኩ፣ አሸሁ። ሜሮን ጡት እንቢ ባለች ጊዜ እንዲሁ ነበር ያደረግኩት። ከንፈሩ ትንሽ ጠባ ጠባ አደረገ፤ ዓይኑ ግን አልተከፈተም።

ስልኬን አወጣሁ። ባትሪው ግማሽ ነበረ፤ ብርዱ ገድሎታል። ብብቴ ሥር አደረግኩት፣ ተነፈስኩበት፣ ተጫንኩት፤ ጥቁር ነው። ሽቦው እስከፈቀደልኝ ቀና ብዬ ተጣራሁ። «ሰው! ሄልፕ!» ድምፄ ድንጋዩ ላይ ሄዶ ጠፋ።

አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ወርጄ መኪናው ውስጥ ያለውን ስልኩን ላምጣ? ብቻዬን በዚያ በረዶ ላይ ስወድቅ ስነሣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። ደግሞስ ብደርስ፣ የአደጋ ጊዜውን ቁጥር፣ ናይን ዋን ዋን ብደውል፣ ምን ብዬ ልናገር? የቦታውን ስም እንኳ አፌ በቅጡ አያወጣውም። እስክመለስ ደግሞ ይርጋ እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻውን ቢተኛ፣ እንቅልፉ ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚሆን አውቃለሁ። ብሄድም ይሞትብኛል፣ ብቀመጥም ይሞትብኛል። እግዚአብሔርን ተለማመንኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንድ ቃል አልመጣልኝም።

ለካ ማዳመጫው ከጆሮዬ አልወጣም። ሬይ እየጠራ ነው። መጠሪያችንን ይመታል፣ ያቆማል፣ ይጠብቃል። እንደገና ይመታል። ያን ድምፅ ስምንት ዓመት ሙሉ ወጥ ስሠራ ሰምቼዋለሁ።

ጓንቴን አወለቅኩና ጣቴን መምቻዋ ላይ አሳረፍኩ። እስከዚያ ቀን ነክቻት አላውቅም። ነካ ሳደርጋት ጆሮዬ ውስጥ ጮኸች፤ ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ። መጠሪያውን ጀመርኩ፣ ተበላሸ። ሁለተኛም ተበላሸ፤ ጣቴ ቀድሞኝ ይሮጣል። ኋላ ዓይኔን ጨፈንኩና ኩሽናዬ ውስጥ ነኝ አልኩ። ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው፣ ይርጋ ጋራዥ ውስጥ ነው። በአፌ «ዲት ዳ፣ ዳ ዲት» እያልኩ ጣቴ አፌን እንዲከተል አደረግኩ። እስከ መጨረሻው ሄደ። አስከትዬ ይርጋ አንድ ሰሞን ሜሮንን ሲያስተምራት የሰማኋትን የጭንቅ ጥሪ መታሁ። ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር። መጠሪያውን። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። መጠሪያውን።

አቆምኩ። ምንም የለም። የነፋስ ሽውታ የሚመስል ድምፅ ብቻ።

ከዚያ ሬይ መጣ። ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው፣ እኔ የላክሁትን እንዳለ መለሰልኝ። ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር። መጠሪያችንን። ሌላም ብዙ ነገር አከለ፤ እሱን አላወቅኩትም። ሰምቶኛል። ይኼን ብቻ አወቅኩ።

ወዲያው ግን ጠፋ። አምስት ደቂቃ ይሁን ዐሥር አላውቅም፤ ዝም። እኔን ንቆ የሄደ መሰለኝ፣ ባትሪው የሞተ መሰለኝ። ሹራቤ ውስጥ እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ ይሞቃል። ይርጋን በጋቢው ጠቅልዬ ጭንቅላቱን እቅፌ ውስጥ አስገባሁ። ከድንጋዩ ብርድ እንዲለየው የሬዲዮዋን ቦርሳ ከሥሩ ጎዘጎዝኩ። የቀረችውን ሻይ በነጠላዬ እያጠቀስኩ ከንፈሩን ማራስ ነው፣ ስሙን መጥራት ነው።

«ይርጋ፣ አትተኛ። ሜሮን ምን ትለኛለች? አደራዋን በላሁ እኮ። አንተ፣ ትሰማኛለህ?»

«ምምም» አለ። ያችን ምምም በወርቅ አልለውጣትም።

በማዳመጫው አንዲት ድምፅ መጣች። ዲት። አንድ ብቻ። ሬይ ነው። እኔም አንድ መታሁ። ዲት። ትንሽ ቆየና፣ ዲት አለ። እኔም ዲት። እርዳታ እንዲመጣልን ስልክ ደውሎ ሲመለስ ነበረ ለካ። ከዚያ በኋላ አልተለየኝም። በየደቂቃው አንዴ ይነካል፣ አንዴ እነካለሁ። አለሽ? አለሁ። አለሽ? አለሁ። አይቼው የማላውቅ፣ ቋንቋውን የማልችል ሽማግሌ እንዲህ አድርጎ ብቻዬን ከመሆን አወጣኝ።

ሳይረኑን ስሰማ በጉልበቴ ቀና ብዬ ነጠላዬን አውለበለብኩ። ሦስት ሰዎች እየተንሸራተቱ ወጡ፤ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞችና አንዲት የሕክምና ባለሙያ ሴት። ፊተኛው አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ ከጃኬቴ ሥር የወጣው ሽቦ ላይ ነው። እጁን ዘርግቶ ሌሎቹንም አስቆማቸው። ፈንጂ የታጠቅኩ መስሎታል። ሹራቤን ገለብ አድርጌ በመቀነት የታሰረውን ባትሪ አሳየሁት፣ ሬዲዮዋን አሳየሁት። «ሬዲዮ። ኮልድ። ቤቢ» አልኩት። ለምን ቤቢ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ሰውየው ሳቀና ተንበረከከ።

ሴትየዋ ይርጋን እያየች፣ «ማም፣ ዳያቤቲክ?» አለችኝ።

«የስ» አልኩ። «ፒል፣ የስ። ፉድ፣ ኖ። ቱዴይ ፉድ ኖ።»

ያችን ታህል እንግሊዝኛ ነበረችኝ፤ በቃች። ጣቱን ወግታ ለካች፣ ፊቷ ተለወጠ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ሰክታ መድኃኒቱን ለቀቀችለት። ጥቂት ደቂቃ ነው። የይርጋ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑን ከፈተ። ሰማዩን፣ ሴትየዋን፣ እኔን አየ።

«ሬይን ደህና ዋል ሳልለው» አለ።

ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጡ።

ከአምቡላንሱ ደውለውላት፣ ሆስፒታል ሜሮን ቀድማን ደርሳለች። መጀመሪያ አቀፈችው፣ ቀጥሎ ተቆጣችው።

«ዳዲ፣ ቁርስ በላሁ ብለህ ዋሸህ?»

«አልዋሸሁም። ሳህኑ ታጥቧል አልኩ እንጂ በላሁ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ይኼ ሰውዬ» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ሜሮን ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ይርጋ እጄን ያዘኝ። «ዘኑ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ብቻሽን ስትጾሚ እኔ ፊትሽ እበላለሁ። አፈርኩ። አንዷን ቀን እንኳ አብሬሽ ልዋል ብዬ ነው።»

«እና ለአንድ ቀን አብረኸኝ ልትውል ብለህ ዕድሜ ልኬን ብቻዬን ልታስቀረኝ ነበር» አልኩት። እጄን ግን አለቀቀም።

ሜሮን እንደተመለሰች፣ ሴትየዋ ከመኪናው ያመጣችልን የይርጋ ስልክ ጠራ። ቴነሲ ይላል አለችኝ ሜሮን፤ ልታነሣው ስትል ተቀበልኳት። «ሄሎ» አልኩ። ያረጀ፣ ሻከር ያለ ድምፅ ነው። የሚለውን ግማሹን እንኳ አልሰማሁም፤ «ይርጋ ጉድ። ጉድ። ታንክ ዩ ሬይ» አልኩት። ቀሪውን ሜሮን ተረጎመችልኝ። መጀመሪያ የይርጋ እጅ እንደ ሰከረ ሰው ሲሆንበት ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ነበር አሉ። ኋላ መጠሪያው የይርጋ፣ እጁ የሌላ ሰው ሲሆን፣ «ይቺ ባትሪ የምታሞቀዋ ሴት ናት» ብሎ ስልክ አነሣ።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ያላችሁ እናቶች፣ ሁለት ነገር ልበላችሁ። ስኳር ያለበት ባል ወይ አባት ካላችሁ፣ በጾም ቀን የታጠበ ሳህን አይታችሁ አትመኑ። ሲጎርስ እዩት። የነፍስ አባት ፈቀዱ ማለት ሰውየው ራሱን ፈቀደለት ማለት አይደለም፤ እፍረት ከጾም ይከብዳል፣ እሱን አናግሩት። ሌላው ስለ ራሴ ነው። ሰው የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር። ቋንቋ የለኝም፣ ትምህርት የለኝም፣ ማን ይረዳኛል እያልኩ ስንት ጊዜ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ቀን በአምስት ዋት፣ ፊደሉን በማላውቀው ቋንቋ፣ እየተሳሳትኩ ተሰማሁ። ለካ ጥሪዬ እንዲያምር የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጠራ ሌላ ክፍል አልገባም። አነሣዋለሁ፤ ካልገባኝ ቀስ በልልኝ እላለሁ፤ ቀስ ይሉልኛል። መንዳትን ግን ዛሬም እፈራለሁ፣ አልዋሻችሁም።

በማግስቱ፣ በጥምቀት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ አስወጡት። ሜሮን እየነዳች ወሰደችን። በረዶው ከየጣራው እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር። ቤት ገብተን ይርጋን ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጫማውን አወለቅኩለት፣ ፍርፍር አቅርቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ሲጎርስ አንድ ባንድ አየሁ። ሳህኑን እስኪጨርስ አልተነሣሁም። ከዚያ ሄጄ የውጪውን በር ቆለፍኩ፣ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ቆምኩ።

«ደህና ነሽ?» አለኝ ከሶፋው።

«ደህና ነኝ» አልኩት። «ቤታችን ገብተናል። ሁለታችንም ደህና ነን።»